ሁለት ሆኖ ተራራ መውጣት፦ ምኑን በጋራ፣ ምኑን በየግል?

የመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ ነው። ድንኳን ተክለን፣ ጫማ አውልቀን፣ ራት ልንሠራ ቦርሳችንን ዘረገፍን። ሁለት ምድጃ ወጣ። ሁለት ድስት ወጣ። ሁለት የጥርስ ሳሙና፣ ሁለት የፀሐይ ቅባት፣ ሁለት ጥቅል ገመድ። ላይተር ግን የለም። ክብሪትም የለም። እኔ ጓደኛዬ ይዟል ብዬ፣ እሱም እኔ ይዣለሁ ብሎ። ያን ሁሉ የማብሰያ ዕቃ ከፊታችን ደርድረን ደረቅ ብስኩት በልተን ተኛን።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ተረቱ የሚሠራው ግን ሎሚው ከተከፋፈለ ነው። እኛ ያን ቀን እያንዳንዳችን ሃምሳ ሃምሳ ተሸክመን ነበር የወጣነው።

ከዚያ ወዲህ ከጓደኛዬ ጋር የብዙ ቀን ጉዞ ስናስብ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ይሄ ዕቃ አንዳችን ጋ እንዳለ ብንጠፋፋ ሌላው ምን ይሆናል? መልሱ "ይነጫነጫል" ከሆነ ዕቃው አንድ ይበቃል። መልሱ "ይታመማል" ወይም "ብርድ ላይ ያድራል" ከሆነ ሁለታችንም እንይዛለን። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በዚህ ወንፊት ያለፈ ነው። ወንፊቱ የሚቸገርበት ቦታም አለ፤ እሱንም እናያለን።

መጀመሪያ መንገዱ

ከዕቃው በፊት የመንገዱን ዓይነት ምረጡ። ሦስት ዓይነት ነው ያለው። በሄዳችሁበት የምትመለሱበት ደርሶ መልስ፣ በሌላ በኩል ዞራችሁ መነሻችሁ ላይ የምትገጥሙበት ዙር፣ እና አንድ ቦታ ገብታችሁ ሌላ ቦታ የምትወጡበት ማቋረጥ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ለሚሄዱ ሰዎች ደርሶ መልስን ነው የምመክረው። ብዙ ሰው "ያንኑ መንገድ ሁለቴ?" ብሎ ይንቀዋል። ግን አንዳችሁ ቢደክም በፈለጋችሁት ቀን ፊታችሁን ማዞር ትችላላችሁ። ስትመለሱ ውኃው የት እንዳለ፣ የቱ ሜዳ ለድንኳን እንደሚመች ታውቁታላችሁ። ደግሞ ስትወጡ ፊታችሁ የነበረው ዳገት ብቻ ነው፤ ስትወርዱ አገሩ ሁሉ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። ያው መንገድ አይመስልም።

ዙር ያምራል። ችግሩ ግማሹ ላይ ስትደርሱ ነው። መመለሱም መቀጠሉም እኩል ይረዝማል። እዚያ ነጥብ ላይ ቁርጭምጭሚት ወለም ካለ ምርጫ የለም። ማቋረጥ ደግሞ ጣጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማዶ በተቀጠረ ሰዓት የሚጠብቅ መኪና ካለ ሰዓት ይገዛችኋል። ሰዓት የገዛው ሰው ደመና ጠቁሮ እያየ "ኧረ እንለፍ፣ ምንም አይል" ይላል። ማቋረጥ ከመረጣችሁ አንድ ትርፍ ቀን ከነምግቡ ያዙ።

የቀኑን ርቀት ስትቆርጡ ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ። 15 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር የሚያስወጣ ቀን እንግዲህ 3 ሰዓት ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል። ግን ይሄ ዕረፍት የሌለበት፣ እግሩ የለመደ ሰው ሰዓት ነው። ከባድ ቦርሳ ለተሸከሙ፣ ፎቶ ለሚያነሱ፣ ወሬ ለሚያወሩ ሁለት ጓደኞች እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ። ወደ ሰባት ሰዓት ይጠጋል። አሁን እውነቱ ወጣ።

ስሌቱም የሚሠራው በዝግተኛው ሰው እግር ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ዝግተኛው ሲደርስ ፈጣኑ አርፎ ጨርሷል። ይነሳል። ዝግተኛው ደግሞ ሳያርፍ ይከተላል። በሦስተኛው ቀን ኩርፊያ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝግተኛው ከፊት ይሂድ።

ድንኳን፦ አንድ ወይስ ሁለት?

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው።

የሁለት ሰው ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ሲከፋፈል ለአንድ ሰው ኪሎ ገደማ ነው። የአንድ ሰው ድንኳን ለብቻው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ነው። ስለዚህ በሸክም አንዱን መጋራት ያሸንፋል፤ ልዩነቱ ግን ሰው እንደሚያወራው የሰማይና የምድር አይደለም። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ሁለት ሰው የሚተነፍስበት ድንኳን ይሞቃል። ደግሞ ሸንተረር ላይ አንድ ድንኳን የሚያስተክል ደልዳላ ቦታ ይገኛል፤ ሁለት ጎን ለጎን የሚያስተክል ግን ተፈልጎ ነው። አንዴ ሁለት ድንኳን ይዘን ወጥተን የእኔ ደልዳላ ላይ፣ የእሱ ተዳፋት ላይ አረፈ። ሌሊቱን ሙሉ ወደ በሩ ሲንሸራተት አደረ። ጠዋት ግማሽ አካሉ ውጭ ነበር።

የመጋራት ጉዳቱስ? መጀመሪያ፣ "የሁለት ሰው" የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ አትመኑት። የብዙዎቹ የውስጥ ስፋት 130 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መደበኛው የሚነጠፍ ማትረስ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው 64 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሁለታችሁም ሰፊውን ከያዛችሁ 128 ሄደ። የቀረችው ሁለት ሴንቲ ሜትር ለክርን፣ ለልብስ፣ ለራስ ባትሪ ናት። ስለዚህ ድንኳኑን ከመግዛታችሁ በፊት ማትረሳችሁን ለኩ።

ሁለተኛው ጉዳይ በር ነው። ለሁለት ሰው ድንኳን ስትመርጡ ከቀለሙም፣ ከክብደቱም በፊት ግራና ቀኝ ሁለት በር ያለው መሆኑን እዩ። አንድ በር ብቻ ከሆነ ከውስጥ በኩል የተኛው ሰው ሌሊት ሽንት ሲመጣበት ባልንጀራውን ተሻግሮ ነው የሚወጣው። እኔ በጨለማ ስሻገር ጉልበቴ ሆዱ ላይ አረፈ። እስካሁን ያነሳብኛል። ሁለት በር 200 ግራም ቢጨምር እንኳን ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን የሚያወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውኃ ሆኖ ያድራል። ባለ አንድ ንብርብር ድንኳን ቀላል ነው፤ ግን ግድግዳውን በነካችሁ ቁጥር ትርሳላችሁ። ባለ ሁለት ንብርብር ከሆነ ውኃው የውጭኛው ላይ ይቀራል፣ እናንተን የሚነካው የውስጠኛው መረብ ወይም ጨርቅ ነው። ብቻዬን ብሄድ ባለ አንድ ንብርብሩን ላስብበት እችላለሁ። ለሁለት ሰው ግን ሁልጊዜ ባለ ሁለቱን ነው የምመርጠው። በየትኛውም ቢሆን የአየር መተላለፊያውን በብርድ ምክንያት ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ።

ወንፊታችን የሚቸገረው እንግዲህ እዚህ ነው። ድንኳኑ አንድ ከሆነና ከተጠፋፋችሁ አንዱ ሜዳ ላይ ማደሩ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ጨርቁን ለአንዱ፣ ዘንጉን ለሌላው ሰጥቶ ይነሳል። ግማሽ ድንኳን ድንኳን አይደለም። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። የውጭኛው ጨርቅ፣ ዘንጉና ካስማው አንድ ሰው ጋ ይሆናል፤ በብዙ ድንኳኖች እነዚህ ብቻቸውን መጠለያ ሆነው ይቆማሉ። ሌላው የውስጠኛውን ክፍልና ምድጃውን ይይዛል። በዚያ ላይ ሁለታችንም ሙቀት የሚመልስ፣ ሰው ሙሉ የሚገባበት የድንገተኛ ከረጢት እንይዛለን። እንደ ብርቱካን ያለች ጥቅል ናት። ምቾት የላትም፤ ግን ታሳድራለች።

ሁለት ድንኳን መቼ ይሻላል? አንዱ የሚያንኮራፋ፣ ሌላው እንቅልፉ የሚሳሳ ከሆነ። ገና በደንብ ካልተዋወቃችሁ። ወይም አንዳችሁ ቀድሞ ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ካለ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ገደል ዳር አብሮኝ እንዲሄድ አልፈልግም።

በገመድና በዱላ የሚወጠር ሸራም አለ። ከሁሉም ይቀላል። ነፋስና ትንኝ የሌለበት ወቅት ከሆነ፣ አወጣጠሩንም ከለመዳችሁት እሰየው። ካልለመዳችሁ ግን የመጀመሪያውን ልምምድ ዝናብ ላይ አታድርጉት።

ብርድ፦ ላባ ወይስ ሰው ሠራሽ?

ስሊፒንግ ባግ የግል ነው። ለሁለት ሰው ተብሎ የሚሠራ ሰፊ ብርድ ልብስ መሳይ አለ፤ ክብደት ይቆጥባል። አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ግን ሌላው ጀርባ ላይ ነፋስ ይገባል። ለፍቅረኞች ይሁን።

ላባው ቀላል ነው፣ ተጨፍልቆ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከራሰ ግን ጓል ሆኖ ይተኛል፤ ሙቀትም አይሰጥም። ሰው ሠራሹ ይከብዳል፣ ቦርሳውን ይሞላል፤ ግን ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ደረቅ ወቅት ላይ ላባ። ለቀናት የሚያካፋበት ወቅት ላይ ሰው ሠራሽ። ላባ ይዛችሁ ዝናብ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ቦርሳው ላይ የሚለበሰውን የዝናብ ሽፋን ብቻ አትመኑ። ጀርባ በኩል ያስገባል።

የተጻፈበትን ዲግሪ ስታዩ ተጠንቀቁ። አይ.ኤስ.ኦ. 23537 የሚባለው መለኪያ ከአንድ በላይ ቁጥር ይሰጣል። አንደኛው የምቾት ነው። ሁለተኛው የገደብ ነው፤ ኩርምት ብሎ የሚተኛ ሰው እየበረደውም ቢሆን የሚያድርበት ማለት ነው። አንዳንዴ የመጨረሻው ጽንፍም ይጻፋል፤ እሱ ነፍስ ለማትረፍ እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም። ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ደስ የሚለውን ነው። እናንተ የምቾቱን ብቻ አንብቡ። የሚወጡበትን ከፍታም አስቡ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከታች ጃኬት አስወልቆ የነበረ አየር ከላይ ውኃ ያረጋል።

የሚረሳው ማትረሱ ነው። ስሊፒንግ ባጉን ከሥራችሁ ስትተኙበት ይጨፈለቃል፤ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚያግደው ማትረሱ ነው። መለኪያው አር ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይሞቃል። ሁለት ማትረስ ሲደራረብ ቁጥሩ ይደመራል። በአየር የሚነፋው ምቹ ነው፤ እሾህ ግን ጠላቱ ነው። ስፖንጁ አይፈነዳም፣ አይመችምም። እኛ ሁለቱንም ይዘን ነው የምንወጣው፤ የሚነፋው በየግል፣ አንድ ስስ ስፖንጅ በጋራ። ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት የበረደው ሰው ሥር ይነጠፋል። በፈረቃ።

እሳት

ምድጃ አንድ ይበቃል። ማቀጣጠያ ግን ሁለት። ከዚያች የብስኩት ሌሊት በኋላ ይሄን ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ለሁለት ሰው ከባለ ጣሳ ጋዝ የሚቀል ነገር የለም። ትከፍታላችሁ፣ ትለኩሳላችሁ፣ በቃ። የሚያዋጣውን መጠን ማስላትም ቀላል ነው። ነፋስ በተከለለበት ቦታ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከ10 እስከ 15 ግራም ጋዝ ይበቃል። ለሁለት ሰው በቀን 3 ሊትር ካፈላችሁ 45 ግራም ያዙ። 230 ግራም የያዘ ጣሳ አምስት ቀን ያደርሳችኋል። ሊያልቅ መቃረቡን የምታውቁት ግን በጆሮ ነው፤ ድምፁ ይደክማል። ነፋስ መከላከያ የምትጠቀሙ ከሆነ ጣሳውን አብሮ አይክበበው። ከጋለ አደገኛ ነው።

የጋዝ ጠላት ብርድ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ተራ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ አየር መለወጥ ያቆማል። አይሶቡቴን እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይለወጣል። ፕሮፔን ከዚያም በላይ ብርድ ይችላል። ስለዚህ የጣሳውን ጽሑፍ አንብባችሁ አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ምረጡ። ሌሊት ጣሳውን እግራችሁ ሥር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስተኙት። ጠዋት አመስጋኝ ነው።

እየተነፋ ግፊት የሚሰጠው የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃ ለከባድ ብርድና ለረጅም ጉዞ ይበልጣል። ግን ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ጽዳት ይፈልጋል። የአልኮል ምድጃ ከጣት የማይከብድ ቢሆንም እሳቱ ለአንድ ኩባያ እንጂ ለሁለት ሰው ራት አይደለም። ነበልባሉም በፀሐይ አይታይም። ጠፋ ብላችሁ ነዳጅ ስትጨምሩ ጉድ ይፈላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዝግ ድንኳን ውስጥ አታብሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። እንቅልፍ መስሎ ነው የሚመጣው።

ከፍታው ራቱንም ይቀይረዋል። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 4,000 ላይ ወደ 87 ይወርዳል። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ግን ምስር አይበስልም። ረጅም ማብሰል የሚፈልግ እህል ቤት ይቅር። ቀድሞ በስሎ የደረቀ፣ ወይም ሙቅ ውኃ ብቻ የሚፈልገውን ያዙ።

ምግቡን በጋራ ወይስ በየግል? ራት በጋራ፣ ቀን የሚቀመሰው በየግል። ሆድ በአንድ ሰዓት አይርብም። በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ ኦቾሎኒ ለሌላው ቀኑን ሙሉ ልመና ነው።

ውኃ

ይሄ ያለ ክርክር የግል ነው። የሚያጣላው ዘዴው ነው።

ማጣሪያው ፈጣን ነው። 0.1 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉትን ያስቀራል፤ ቫይረስ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሊያልፍ ይችላል። ሰውና ከብት በሚበዛበት ተፋሰስ ይሄን አስቡበት። ሁለተኛው ድክመቱ በረዶ ነው። አንዴ የረጠበ ማጣሪያ ውስጡ ከረጋ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። ውኃ ያወርዳል፣ አያጣራም። እኔ አንዱን ድንኳን ደጅ ረስቼ አድሬ ጠዋት እንደ ጠጠር ደርቆ አገኘሁት። ደህና ይመስል ነበር። ጣልኩት። የዚያን ጉዞ ቀሪ ቀናት በጓደኛዬ ማጣሪያ ነው የጠጣሁት። ሁለት መያዝ ያለው ትርጉም ይሄ ነው።

ክኒኑ ቀላልና የማይሰበር ነው፤ ዋጋው ጊዜ ነው። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ለአብዛኞቹ ጀርሞች 30 ደቂቃ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ለሚባለው ግትር ተውሳክ ግን 4 ሰዓት ይፈልጋል። አዮዲን ይህንኛውን ጨርሶ አይችለውም፤ ለነፍሰ ጡርና የታይሮይድ ችግር ላለበት ሰውም አይመከርም። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። አንድ ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ። ጋዙን ግን ይበላዋል።

የእኔ ምርጫ፦ ለሁለታችሁም ማጣሪያ፣ ለሁለታችሁም አንድ እሽግ ክኒን መጠባበቂያ። ማፍላት ለራትና ለሻይ።

መንገድ ማግኘት

ስልክ ወይስ ወረቀት የሚለው ክርክር ለብቻ ተጓዥ ነው። ሁለት ስትሆኑ መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ አንዳችሁ የወረቀቱን ካርታና ኮምፓስ ያዙ። ስልኩ ኔትወርክ ባይኖርም ያላችሁበትን ነጥብ ያሳያል። ግን ባትሪ በብርድ ይከዳል። የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ደረት ኪስ ውስጥ ይሙቅ። በተራ ተጠቀሙበት፤ የአንዱ ሲበራ የሌላው ይጥፋ። ፓወር ባንክ አንድ ይበቃል።

ሁሌም አንድ ሰው ብቻ ካርታ የሚያይ ከሆነ ሌላው ተሳፋሪ ይሆናል። ተሳፋሪ መንገድ አያስተውልም። በየግማሽ ቀኑ ተለዋወጡ።

ፊሽካ ሁለት። አንገት ላይ ወይም የቦርሳው ማንገቻ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። የተራራው የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም ነው። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በጭጋግ ሃያ እርምጃ ርቆ የጮኸ ሰው ከየት እንደጮኸ አይታወቅም። ፊሽካ ይለያል።

ኔትወርክ በሌለበት የሚያገለግል የሳተላይት መሣሪያ ከያዛችሁ ሁለት ዓይነት አለ። በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚልከው ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ቁልፉ ሲጫን የድረሱልኝ ጥሪ ይልካል፣ ከዚያ ሌላ ሥራ የለውም። መልእክት የሚያለዋውጠው ክፍያ አለው፤ ግን "ደህና ነን፣ አንድ ቀን እንዘገያለን" ማለት ያስችላል። ቤተሰብ ለሚጨነቅበት ሰው ሁለተኛው ይሻላል። አንድ መሣሪያ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ሁለታችሁም አጠቃቀሙን እወቁ። የወደቀው ባለቤቱ ሊሆን ይችላል።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ቦት ለከባድ ሸክምና ለድንጋያማ መንገድ፣ ቀላሉ የሩጫ ዓይነት ለቀላል ቦርሳና ለደረቅ መንገድ። ከሁለቱም በላይ የተለመደው ጫማ። አዲስ ጫማ ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ፕላስተሩን እጥፍ አድርጉ። ዱላ ግን ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ያመሰግናል።

ሸክሙን ማካፈል፦ እኩል ወይስ እንደ አቅም?

"እኩል" የሚለው ፍትሐዊ ይመስላል። አይደለም። በተለምዶ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከሙ ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ፣ 80 ለሚመዝን 16 ነው። ሁለቱን እኩል 14፣ 14 ብታሸክሟቸው አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ያቃስታል።

ሌላው ስህተት ምግብና ድንኳን ሲከፋፈል ነው። ምግብ በየቀኑ ይቀላል። በደረቁ ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ብትይዙ፣ ለሁለት ሰው አምስት ቀን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ነው። ድንኳን አይቀልም፤ እንዲያውም ዝናብ ከነካው ይከብዳል። እኛ አንዴ "አንተ ምግቡን፣ እኔ ድንኳኑን" ብለን ተነሳን። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ቀን እየተሳደበ ወጣ። በአራተኛው ቀን ቦርሳው ባዶ ሆኖ እየዘፈነ ነው የወረደው፤ እኔ የራሰ ድንኳን ተሸክሜ ከኋላ። አሁን ምግቡን ሁለታችንም እንይዛለን፣ ራቱን የምናበስለው በመጀመሪያ ከደከመው ሰው ቦርሳ ነው። ክርክር የለም፣ ሚዛን የለም። የደከመው ሰው ግን "ደከመኝ" ማለት አለበት፤ ይቺ ናት የምትከብደው።

ማን ነው "እንመለስ" የሚለው?

ይሄ ዕቃ ሳይሆን ሐሳብ ስለሆነ ሰው ሳይመርጥ ይወጣል። ሦስት አማራጭ አለ። ልምድ ያለው ይወስናል። ተነጋግረን እንወስናለን። ወይም ከሁለት አንዱ ካለ ይበቃል፤ ያለ ማብራሪያ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ለአስጎብኚና ለተማሪ እንጂ ለጓደኛ አይሆንም። ሁለተኛው ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሁለት ሰው ድምፅ ሲሰጥ አንድ ለአንድ ነው። ከዚያ የሚያሸንፈው ማግባባት የሚችለው ነው። ማግባባት የሚችለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልደከመው ነው። እኔ ሦስተኛውን ነው የምይዘው። ጉዳቱ አለው። ከጫፉ አንድ ሰዓት ሲቀረን የተመለስንበት ቀን አለ፤ ያልኩት እኔ ስላልነበርኩ ለሁለት ቀን አኩርፌ ነበር።

ከፍታ ላይ ይሄ ሕግ የግድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፣ በየሦስት አራት ቀኑም ሳትጨምሩ የምታድሩበት ቀን ይኑር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ከመጣ መውጣት ይቁም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከዘበራረቀ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው። የታመመው ሰው ራሱ "ደህና ነኝ" ነው የሚለው። በቀጭን መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመ እንዲሄድ ጠይቁት። አፉን ሳይሆን እግሩን እመኑ። የታመመ ሰው ብቻውን አይወርድም፤ ሁለታችሁም ናችሁ የምትወርዱት።

ዋዜማ

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት አንድ ክፍል ወለል ላይ ሁሉንም ዘርግፉ። በየቤታችሁ አይደለም፤ አንድ ላይ። ሦስት ክምር ሥሩ፤ የእኔ፣ ያንተ፣ የጋራ። ሁለት ጊዜ የታየ የጋራ ዕቃ አንዱ ይቀራል። አንዴ ብቻ የታየ የግል ዕቃ ካለ መሸጫ ሱቅ ሳይዘጋ ሂዱ። ከዚያ የጋራውን ክምር ከፍላችሁ እያንዳንዱን ዕቃ ማን እንደያዘ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ያስቃል። ግን "አንተ ይዘሃል ብዬ" የሚባለውን ነገር የሚገድለው ይሄ ብቻ ነው።

እኛ ስንጀምር ላይተሩን ነው የምናስቀድመው። እሱ ከኪሱ አውጥቶ ጫር ያደርጋል። እኔም አውጥቼ ጫር አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ እንሄዳለን።